ስለ ሮም ጦር ለጠየቅከው፦ እስቲ ከደሞዙ እንጀምር

ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው ወንድሜ። "ሮማውያን ያን ሁሉ አገር የያዙት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ጀግና ሆነው ነው? ከሆነስ እንዴት ወደቁ? ቅንጦትና ክርስትና አዳከማቸው የሚባለው እውነት ነው?" ብለሃል። ሌሎቹ ስለ ጁሊየስ ቄሣርና ስለ ኔሮን በሰፊው መልሰውልሃል። እኔ ከሥራዬ አንጻር ልጨምርበት። እስራኤል አገር አስጎብኚ ነኝ፤ ማሳዳ የሚባለው ተራራ ላይ ሰው ይዤ ስወጣና ስወርድ ነው የምኖረው። ይህችው ጥያቄ እዚያም አትቀርም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ማሳዳ ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ያለ፣ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው። የኛን አገር አምባ ላየ ሰው ብዙም አይገርምም። ኢየሩሳሌም በ70 ከተቃጠለች በኋላ እጅ አንሰጥም ያሉ ዐማፅያን ከነቤተሰባቸው እዚያ መሽገው ነበር። በ73 ወይም በ74 ፍላቪየስ ሲልቫ የሚባል አገረ ገዥ 10ኛውን ሌጌዎን (የሮም ክፍለ ጦር ነው) ይዞ መጣባቸው።

ጎብኚ ሁሉ መስማት የሚፈልገው አናት ላይ ስለሞቱት ዐማፅያን ነው። አይፈረድበትም። እኔ ግን ጫፉ ላይ አቁሜ ወደ ታች እዩ እላለሁ። የሮማውያኑ ሰፈር እስከ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስምንት ሰፈር ነው። ማንም እንዳያመልጥ ተራራውን ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚሆን የድንጋይ ካብ አጥረውታል። ሰፈሮቹ ውስጥ ትንንሽ የድንጋይ ክቦች በረድፍ በረድፍ ይታያሉ። የድንኳን መሠረት ናቸው፤ በአንድ ድንኳን ስምንት ሰው ያድር ነበር። በስተ ምዕራብ ደግሞ አፈር፣ ድንጋይና እንጨት ከምረው የሠሩት መወጣጫ አለ። ግንቡን የሚያፈርሱበትን መሣሪያ በዚያ ላይ ነው እየገፉ ያወጡት።

አሁን አስበው። በዚያ በረሃ ለብዙ ሺህ ሰው ውሃና እህል በየቀኑ መድረስ አለበት። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደሚለው፣ ስንቁንም ውሃውንም ከሩቅ እንዲያመላልሱ የተደረጉት አይሁድ ራሳቸው ነበሩ። እዚህ ጋ ፉከራና ሽለላ የለም። ቁፋሮ ነው፣ ሸክም ነው፣ ቆጠራ ነው። አሰልቺ ነገር ነው። ሮማውያን ከማንም የሚበልጡት በዚህ አሰልቺ ነገር ነበር።

ከማሳዳ ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው አንዲት የፓፒረስ ቁራጭ አለች። በ1960ዎቹ ይጋኤል ያዲን በመራው ቁፋሮ ነው የተገኘችው። የደሞዝ ወረቀት ናት። ጋይዮስ መሲዮስ የሚባል ወታደር 50 ዲናር ተቀበለ ይላል። ከዚያ ተቀናሹ ይጀምራል። ለገብስ 16፣ ለምግብ 20 ያህል፣ ለጫማ 5፣ ለጠፍር 2፣ ከተልባ እግር ለተሠራ ቀሚስ 7። እስቲ ደምረው። ሰውየው አጨብጭቦ ቀረ! (ገብሱ ለፈረሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈረሰኛ ነበር የሚሉ አሉ።) ይህን ስነግራቸው ፋብሪካ የሚሠሩ የኛ ሰዎች በሳቅ ይሞታሉ። "ይሄማ የኛው ተሉሽ ነው" ይላሉ፤ እዚህ የደሞዝ ወረቀትን እንዲህ ነው የምንለው።

ወረቀቷ ላይ የሰውየው አገርም ተጽፏል። ቤሩት ይላል። እንግዲህ ማሳዳን ከከበቡት "ሮማውያን" አንዱ የሮምን ከተማ በዓይኑ አይቶ ይወቅ አይወቅ እንጃ። የጥያቄህ መልስ ግማሹ ይሄ ነው። ሮም ያሸነፈችውን ሕዝብ ወታደሯ ታደርገው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ገና ጣልያን ውስጥ ነው። ጎረቤት ከተማ ሲያሸንፉ አጋር ያደርጉትና ከግብር ይልቅ ወታደር አምጣ ይሉታል። የተሸነፈው በሚቀጥለው ዘመቻ አብሮ ይዘምታል፣ ከምርኮው ይካፈላል፣ አንዳንዱም ዜግነት ያገኛል። ፖሊቢየስ የሚባለው ግሪካዊ እንደጻፈው፣ በ225 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው) ሮምና አጋሮቿ ጦር መሣሪያ ሊያነሳ የሚችል ሰው ሲቆጥሩ ከ700,000 በላይ እግረኛና ወደ 70,000 ፈረሰኛ አገኙ። በዚያ ዘመን ሜዲትራኒያን ዙሪያ ይህን ያህል ሰው የሚጠራ ሌላ ማን ነበር?

የሮም ባላንጣ የነበረችው የሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ የጦር አዛዥ ሃኒባል የተሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በ216 ዓመተ ዓለም ጣልያን ውስጥ ካኔ በምትባል ቦታ ሮማውያኑን ከቦ ጨረሳቸው። በአንድ ቀን 50,000 ያህል ሰው አለቀ። እንደ ጦር አዛዥ ካየነው ከሃኒባል ጎን የሚቆም ሮማዊ ያኔ አልነበረም። ከድሉ በኋላ ለድርድር ሰው ላከ። ሌላ መንግሥት ቢሆን ደስ ብሎት ይቀበለው ነበር። ሮማውያን ግን መልእክተኛውን ሳይመሽ ከአገራችን ውጣ አሉት። የተማረኩባቸውን ወታደሮች በገንዘብ አናስለቅቅም አሉ። ይልቅ በመንግሥት ገንዘብ 8,000 ባሪያ ገዝተው አስታጠቁ! ከአጋሮቻቸው አንዳንዶቹ ከዱ፤ ብዙዎቹ ግን ጸኑ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ሌጌዎን አሰለፉ። በ202 ዓመተ ዓለም ሃኒባልን አገሩ ድረስ ሄደው ዛማ ላይ አሸነፉት። ካኔን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ያለውን ልዝለለው። መቄዶንያ፣ ግሪክ፣ ሶርያ፣ ጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ)፣ ግብፅ ተራ በተራ ገቡ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ድል ነው። ድሮ ወታደሩ ገበሬ ነበር። ይዘምታል፣ ይመለሳል፣ ያርሳል። ዘመቻው ባሕር ማዶ ሆኖ ዓመታት ሲፈጅ ግን የብዙው ሰው እርሻ ጦሙን አደረ። በ107 ዓመተ ዓለም ማርዮስ የሚባል የጦር አዛዥ መሬት የሌለውን ድሃ መለመለ። ይህ ወታደር ጡረታውን የሚጠብቀው ከአዛዡ ነው። አዛዡ መሬት ካገኘለት፣ ዝመት ባለው ላይ ይዘምታል። በ88 ዓመተ ዓለም ሱላ የሚባል አዛዥ ጦሩን በገዛ ከተማው በሮም ላይ አዞረ። በ49 ደግሞ ቄሣር።

የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ነገሩ ገባው። የሉቃስ ወንጌል ላይ "ዓለሙ ሁሉ ይጻፍ" ብሎ ያዘዘው እሱ ነው። ሰው የሚያስቆጥር መሪ ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። በ6 ዓ.ም. ለወታደር ጡረታ ብቻ የሚሆን ግምጃ ቤት አቋቋመ። ከኪሱ 170 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ሳንቲም፤ አራቱ አንድ ዲናር ነው) አስገባበት። ከዚያ በኋላ ከውርስ 5 በመቶ፣ ከጨረታ ሽያጭ 1 በመቶ እየተሰበሰበ እንዲገባበት አደረገ። ሀብታሞቹ በውርሱ ግብር ክፉኛ አጉረመረሙ። የሌጌዎን ወታደር ሲሰናበት 12,000 ሴስተርስ ይቆረጥለት ጀመር። ዜጋ ያልሆነው ደግሞ 25 ዓመት አገልግሎ ዜግነት ያገኛል፤ ማስረጃው ነሐስ ላይ ተቀርጾ ይሰጠዋል። ይህ አሠራር ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ያዘ። መሃል ላይ በ69 አራት ንጉሥ በአንድ ዓመት የታየበት ትርምስ ነበር፤ እሱም አለፈ።

አሁን ወደ ውድቀቱ። እኔ የምጀምረው ከ193 ነው። በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘብ ጌታውን ገደለና ዙፋኑን ለጨረታ አወጣው። ዲድዮስ ዩልያኖስ የሚባል ሀብታም ለአንድ ወታደር 25,000 ሴስተርስ እከፍላለሁ ብሎ አሸነፈ። ሁለት ወር ከምናምን ገዝቶ እሱም ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የነገሠ ሁሉ ለጦሩ ጭማሪ ማድረግ ግዴታው ሆነ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ብሩን እየቀነሱ መዳብ ቀላቀሉበት። በአውግስጦስ ጊዜ ንጹሕ ብር ለመሆን ትንሽ የቀረው ሳንቲም፣ በ260ዎቹ ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ አረፈው።

ከ235 እስከ 284 ያለው ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው የገዛ ወታደራቸው ነው። የድንበር ጦር አለቃውን ሊያነግሥ ድንበሩን ጥሎ ይሄዳል። በተተወው በኩል ከሰሜን ጎት የሚባሉት ሕዝቦችም፣ ከምሥራቅ ፋርሶቹም ይገባሉ። በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌርያን በፋርሱ ሻፑር እጅ ተማረከ። ሮማዊ ቄሣር በጠላት ሲማረክ የመጀመሪያው ነበር። ከ284 ጀምሮ የነገሠው ዲዮቅልጥያኖስ አገሩን መልሶ አቆመው፤ ግን ግብሩ ከበደ፣ ምልመላውም ግዳጅ ሆነ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ከዘመቻ ለመቅረት አውራ ጣቱን ይቆርጥ ነበር። ይህን የሚቀጡ ሕጎች ዛሬም ይነበባሉ። የካኔ ጊዜ ልጆች የት ሄዱ ያስብላል።

በ376 ሁን ከሚባሉ ፈረሰኛ ዘላኖች የሸሹ ጎቶች ዳኑብ ወንዝ ዳር መጥተው አስገቡን አሉ። ተፈቀደላቸው። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ሕዝብ በየቦታው በትነው ወታደር ያደርጉት ነበር። አሁን ግን የተመደቡት ሹማምንት በረሃብ ነገዱባቸው። የዘመኑ ጸሐፊ አሚያኖስ እንደሚተርከው፣ የውሻ ሥጋ እየሰጡ ልጆቻቸውን በባርነት ወሰዱ። ጎቶቹ አመፁ። በ378 አድሪያኖፕል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንስ ተገደለ፤ ሬሳውም አልተገኘ። ከሠራዊቱ ሁለት ሦስተኛው አለቀ።

አሁን ካኔን አምጣው። ካኔ ላይ ያለቀው ሰው አድሪያኖፕል ላይ ካለቀው ይበልጣል። ግዛቱ ደግሞ በ378 ከካኔ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ግን የሞተውን የሚተካ ወታደር ጠፋ። በ382 ጎቶቹ በገዛ አለቆቻቸው ሥር እንደሆኑ ግዛቱ ውስጥ እንዲሰፍሩ ውል ተደረገ። ድሮም የውጭ ሰው ይዋጋላቸው ነበር፤ የቤሩቱ ጋይዮስ ምስክር ነው። ልዩነቱ፣ ጋይዮስን የሚቆጥረውም የሚከፍለውም የሮም ጸሐፊ ነበር። እነዚህ ግን የሚሰሙት የራሳቸውን አለቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የገቢ ጉዳይ ሆነ። ግዛቱ በዚህ ጊዜ በምዕራብና በምሥራቅ ተከፍሎ ነበር። በ439 ቫንዳል የሚባሉ ሕዝቦች ካርቴጅን ያዙ። የሰሜን አፍሪካ እህልና ግብር የምዕራቡ ግዛት ጉሮሮ ነበር። ዳኑብ ዳር ባታቪስ የምትባል ከተማ ነበረች፤ የዛሬዋ ፓሳው። የቅዱስ ሴቬሪኖስ ገድል ስለ እሷ ጦር እንዲህ ይላል። የብዙዎቹ ጦር ሰፈሮች ደሞዝ ቀርቶ ሰዉ ሲበተን እዚያ ያሉት ቆይተው ነበር። የመጨረሻ ደሞዛቸው የውሃ ሽታ ሲሆንባቸው ጥቂት ጓደኞቻቸውን ወደ ጣልያን ላኩ። መንገድ ላይ ተገደሉ፤ ሬሳቸውን ወንዙ ይዞት መጣ። እኔ የምዕራቡ ጦር መጨረሻ የት ነው ብትለኝ ከ476 ይልቅ ይህችን ነው የምነግርህ። በ476 የጦር አለቃው ኦዶአከር ሮሙሉስ የሚባለውን ልጅ፣ የምዕራቡን የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት፣ ከዙፋን ሲያወርድ፣ መነሻው ወታደሮቹ የጣልያንን መሬት ሲሶ ስጡን ብለው ተከልክለው ነበር። ያው የክፍያ ጥያቄ ነው።

ቅንጦቱን በተመለከተ፣ ሮማውያን ራሳቸው "ቅንጦት አበላሸን" ማለት የጀመሩት ኃይላቸው ገና እየጨመረ በነበረበት ጊዜ ነው። ቄሣር ጋሊያን በያዘበት ትውልድ ታሪክ ጸሐፊው ሳሉስት ይህንኑ ይጽፍ ነበር። ደግሞስ ጫማውን ከደሞዙ የሚቆርጡበት ወታደር በምኑ ይቀናጣል?

ክርስትና ለሚሉህ ደግሞ ምሥራቁን አሳያቸው። የምሥራቁ ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ ከሮም ይልቅ ክርስቲያን ነበረች፤ ግን ግብፅና ሶርያ ግብር ስለሚያስገቡላት ጦሯን መክፈል ቻለች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ዐረቢያ የናግራን ክርስቲያኖች ሲጨፈጨፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢኖስ የተማፀነው የኛን አፄ ካሌብን ነው። ካሌብም በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዘመተ፤ ከመርከቦቹ ከፊሉ ከሮማውያኑ ወደቦች የመጡ ነበሩ። የምሥራቁ ግዛት ግብፅና ሶርያን በ7ኛው ክፍለ ዘመን ለዐረቦች ካጣ በኋላ እንኳ፣ እየጠበበም እየሰፋም እስከ 1453 ቆይቷል።