ፍሬሙ ጥግ ላይ የነበረችው ሴት

"ታዋቂ ሰው ስሙን ለጥፎ የሠራውን ስለ መሪ የሚተርክ ዶክመንተሪ ማመን አለብን ወይ?" ብላችሁ የምትጠይቁኝ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው። አንዱ "ይሄማ ማስታወቂያ ነው" ብሎ ሳያየው ይዘጋዋል። ሌላዋ አልቅሳ ትጨርስና ለጓደኞቿ ሁሉ ትልካለች። ለሁለታችሁም የምለው ነገር አለኝ። 31 ዓመት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከሠራኋቸው ዶክመንተሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ "አርአያ" ስለሚባሉ መሪዎች ናቸው።

በአንድ ምሳሌ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2022 ኔትፍሊክስ ላይ "ሊቭ ቱ ሊድ" የሚባል ሰባት ክፍል ያለው ተከታታይ ዶክመንተሪ ወጣ። ከኔልሰን ማንዴላ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር የተሠራ ነው። ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰሮቹ፣ ማለትም የሥራው የበላይ ኃላፊዎች፣ የእንግሊዙ ልዑል ሃሪና ባለቤቱ ሜጋን ናቸው። የሚናገሩት ሰዎች ግን ሌሎች ናቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሩት ቤደር ጊንስበርግ፣ የሴቶች መብት ታጋይዋ ግሎሪያ ስታይነም፣ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ጃሲንዳ አርደርን፣ የአየር ንብረት ተሟጋቿ ግሬታ ተንበርግ፣ አሜሪካዊው ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን፣ የደቡብ አፍሪካ የራግቢ ካፒቴኑ ሲያ ኮሊሲና አልቢ ሳክስ።

ተከታታዩ የወጣው ባልና ሚስቱ ስለ ራሳቸው ሕይወት ያወጡት ዶክመንተሪ የመጨረሻ ክፍሎች ከታዩ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ስለ እነሱ ሆነ። የሚወዷቸው እነሱን ፈልገው ከፈቱት። የማይወዷቸው በእነሱ ምክንያት ሳይከፍቱት ተሳደቡ። ጊንስበርግ ደግሞ በ2020 አርፈዋል። ቃለ መጠይቁ የተቀረጸው ፕሮግራሙ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው ማለት ነው። እኚያ ሴት በሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ ቁጭ ብለው የተናገሩት ነገር፣ በሌላ ቤተሰብ ጭቅጭቅ መሃል ተደፍቶ ቀረ። ያሳዝነኛል። ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከሰባቱ ውስጥ አልቢ ሳክስን ብቻ ውሰዱ። ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው፤ አፓርታይድን ሲታገሉ የኖሩ የሕግ ሰው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1988 የሞዛምቢክ ዋና ከተማ ማፑቶ ውስጥ መኪናቸው ላይ የተጠመደ ቦንብ ፈነዳ። ቀኝ እጃቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በ1994 ማንዴላ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። ከዚያ አንድ ቀን ያንን የቦንብ ጥቃት በማቀናበሩ ሥራ የተሳተፈ ሰው ቢሯቸው ድረስ መጣ። አነጋገሩት። ሲሸኙት ግን አልጨበጡትም፤ መጀመሪያ የአፓርታይድ ዘመን ወንጀሎችን የሚመረምረው እውነት አጣሪ ኮሚሽን ጋ ሄደህ የምታውቀውን ተናገር አሉት። ሄዶ ተናገረ። ከወራት በኋላ አንድ ግብዣ ላይ ሲገናኙ በቀረችው በግራ እጃቸው ጨበጡት። እኚህን የመሰሉ ሰው ተቀምጠው ሲያወሩ እያለ እኛ የምናወራው ስለ ፕሮዲዩሰሩ ትዳር ከሆነ ማን ነው የከሰረው? ፕሮዲዩሰሩ አይደለም።

እንግዲህ ትልቅ ስም ከኋላው ያለውን ይሸፍናል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ አሁን የምነግራችሁ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። መሪውም ራሱ ትልቅ ስም ነው። እሱም ከኋላው ያሉትን ይሸፍናል። ይህን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፤ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በጣም የሚወደድ አንድ ድምፃዊ ገንዘብ ያወጣበት ዶክመንተሪ እጄ ገባ። የአንዲት የሴቶች ማኅበር መሪ ታሪክ ነው። ወደ 60 ሰዓት የሚጠጋ ቀረጻ ሰጥተው በ52 ደቂቃ ጨርሰው አሉኝ። ከቀረጻው ውስጥ አንድ ስብሰባ አለ። መሪዋ ተነስታ ሐሳብ አቀረበች። ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን የደገፏት አራት ሰዎች ናቸው። ተሸነፈች። ተቀመጠች። መሬት መሬት እያየች ዝም አለች፤ ካሜራማኑም አልቆረጠውም፣ ዝም ብሎ ቀጠለ።

ፍሬሙ፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየው ምስል፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች ሴት አለች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነች። ብዕሯን አስቀመጠችና "እስኪ ያለችውን መልሼ ላንብብላችሁ" አለች። ማንም አልጠየቃትም። አነበበችው፣ በቀስታ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቀና አሉና መሪዋን "እንደሱ ነው እንዴ ያልሽው?" ብለው ጠየቋት። ውይይቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሐሳቡ አለፈ።

ይህንን ትዕይንት ከልቤ ወደድኩት። ሰባት ደቂቃ አድርጌ አስገባሁት። ከድምፃዊው ጋር የሚሠሩት ሰዎች መጥተው አዩትና "ያቀዘቅዛል፣ ደግሞ መሪዋን ደካማ ያስመስላታል" አሉ። ተከራከርኩ፤ ግን ብዙም አልተከራከርኩም። ቆረጥኩት። ንግግሯን ከጭብጨባው ጋር አገናኘሁት። ተናገረች፣ ተጨበጨበ። በቃ። ሽንፈቱም፣ ዝምታውም፣ ሁለቱ ሰዓትም፣ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችውም ሴት ጠፉ።

ፊልሙ ውስጥ አንድም የውሸት ምስል የለም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሁሉም በትክክል የተፈጸመ ነው።

ፊልሙ በታየበት ቀን ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ከአዳራሹ ስንወጣ አንዲት ልጅ መጣች፣ 19 ዓመት ቢሆናት ነው። አመሰገነችኝ። ከዚያ "እኔ ግን እንደሷ መናገር አልችልም። አንድ ጊዜ ተናግራ ሁሉንም አሳመነች። እኔ ሰው ፊት ስቆም ይጠፋብኛል" አለችኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም። መሪዋም እኮ አንድ ጊዜ ተናግራ አላሳመነችም! ያሳመነችው ልክ እንደዚህች ልጅ ሰው ፊት መቆም የማትወድ፣ ጥግ ላይ የምትጽፍ ሴት ረድታት ነው። ልጅቷ ራሷን ልታይበት የምትችለውን ሰው እኔ ነኝ ያጠፋሁባት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፊልም ሳይ መጀመሪያ የማየው ጥጉን ነው።

እናንተም ሞክሩት። አንዴ እንደ ተመልካች እዩት፤ ማልቀስ ካለባችሁ አልቅሱ፣ ምንም አያሳፍርም። ሁለተኛ ስታዩት ድምፁን አጥፉት። ሙዚቃው ሲጠፋ የምታዩት ነገር ይለወጣል። መሪው ሲናገር ከኋላው ማን ነው የቆመው? ወረቀት የያዘው ማን ነው? ያቺ ሦስት ጊዜ የታየችና አንድም ቃል ያልተናገረች ሴት ማን ናት? ንግግሩ ካለቀ በኋላ ያለው ጭብጨባ የዚያው ቀን ነው ወይስ የመሪው ልብስ ተቀይሯል? የልብሱን ነገር ብዙ ሰው አያየውም፣ እኛ ኤዲተሮች ግን እንደምታዩብን ስለምንፈራ በጣም እንጠነቀቅበታለን። ከዚያ መጨረሻ ላይ የሚወርደውን የስም ዝርዝር አንብቡ። ገንዘቡን ያወጣው ማን ነው? ባለታሪኩ ራሱ ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር አለበት ወይ?

ባለታሪኩ ፕሮዲውሰሮቹ ውስጥ ሲኖር ምን እንደሚሆን በ2020 ያየነው ነገር አለ። ስለ ቅርጫት ኳስ ኮከቡ ማይክል ጆርዳንና ስለ ቡድኑ ቺካጎ ቡልስ የተሠራው አሥር ክፍል "ዘ ላስት ዳንስ" የጆርዳን የራሱ ኩባንያ ያለበት ሥራ ነው። ዓለም ቤት ተዘግቶበት በነበረበት ወቅት ስለወጣ ያላየው ሰው ጥቂት ነው። በጣም ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል፣ እንደ ኤዲተር ባርኔጣዬን አንስቼለታለሁ። ታዋቂው የዶክመንተሪ ባለሙያ ኬን በርንስ ግን ባለታሪኩ እጁ ካለበት ጥሩ ጋዜጠኝነት አይሆንም ብሎ በግልጽ ተቸው። ስድስቱንም የቡልስ ዋንጫ ከጆርዳን ጋር ያነሳው የቡድን ጓደኛው ስኮቲ ፒፐን ደግሞ ምን አለ? በ2021 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ፣ እዚያ ውስጥ ከዕቃ የተሻለ ቦታ እንዳልተሰጠው ተሰምቶት እንደተናደደ ጻፈ። ጆርዳን ስለ እሱ ክፉ አልተናገረም እኮ፤ አሞግሶታል። መሞገስና መታየት ግን ይለያያሉ። ጎን ለጎን የቆመ ሰው ይህን ሲያይ ያመዋል።

ይህን ስል ታዋቂ ሰዎች ከዶክመንተሪ ይውጡ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያለ እነሱ ብዙ ፊልም ማንም ሳያየው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን "ቪሩንጋ" እዩ። ስለ ኮንጎው ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር ሆኖበታል። በዲካፕሪዮ ስም ተስቦ ፊልሙን የከፈተ ሰው ያገኘው ዲካፕሪዮን አይደለም። የፓርኩን ኃላፊ ኢማኑኤል ደ ሜሮድን ነው ያገኘው፤ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ የተረፈውን ሰው። ከእሱ ጋር ደግሞ ጠባቂውን ሮድሪግ ካቴምቦን አገኘ። ወላጆቻቸውን ያጡ ጎሪላዎችን እንደ ልጅ የሚያሳድገውን አንድሬ ባውማንም አገኘ። ጎሪላዎቹ አንድሬ ላይ ሲንጠለጠሉ ካሜራው አይቸኩልም፣ ይቆይላቸዋል። የፊልሙ ሰዎች ጥግ ላይ ያለውን ሰው ወደ መሃል አመጡት። ስሙ ትልቅ የሆነው ሰው በሩን ከፈተና ከበሩ ዘወር አለ። እኔ ያኔ ያልቻልኩት ይህንን ነው።

ስለዚህ "ይታመናል ወይስ አይታመንም" የሚለው ጥያቄ ብዙ ርቀት አይወስዳችሁም። ፕሮዲዩሰሩን ስለምትወዱት አትመኑ፣ ስለምትጠሉትም አትዝጉት። ክፈቱትና የሌለውን ሰው ፈልጉ።

ወደ "ሊቭ ቱ ሊድ" ልመለስ። ማስተዋወቂያው ላይ ሃሪና ሜጋን ተራ በተራ የሚያነቡት የማንዴላ ቃል አለ። ዋናው ነገር መኖራችን አይደለም፣ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ ያመጣነው ለውጥ ነው የሕይወታችንን ትርጉም የሚወስነው፣ የሚል ነው። ይህ ቃል የማንዴላ ፎቶ ላይ ተጽፎ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የት እንደተነገረ የፈለግኩት ግን በቅርቡ ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2002 ነው። የዋልተር ሲሱሉ 90ኛ ዓመት ልደት። ሲሱሉ ማለት ማንዴላ በ1941 ጆሃንስበርግ ሲገቡ፣ ገና ማንም የማያውቃቸው ወጣት ሳሉ፣ የጠበቃ ቢሮ ሥራ እንዲያገኙ የረዷቸው ሰው ናቸው። ወደ ትግሉም ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። በ1964 አብረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ከ25 ዓመት በላይ ታስረው በ1989 ተፈቱ፣ ከማንዴላ አራት ወር ቀድመው። ማንዴላ ያንን ቃል የተናገሩት ስለ ራሳቸው አልነበረም። ከጎናቸው ቆመው ለኖሩት ለእኚህ ሽማግሌ ልደት ነው የተናገሩት። ሲሱሉ በዓመቱ አረፉ፤ 91 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ።