«ፊስቱላ ይሠራልዎታል»፦ ስለ ኩላሊትና ስለ ቻትቦት የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ የኩላሊት ሕመምተኛ አለ፣ ሐኪሙ ቸኩሏል፣ ስለዚህ ማታ ላይ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ቻትቦት ይጠየቃል። አራቱን መርጬ ልመልስ።

ሐኪሙ አባቴን «ለእጥበት እጅዎ ላይ ፊስቱላ ይሠራልዎታል» አላቸው። ቻትቦቱን በአማርኛ ብጠይቀው በወሊድ ጊዜ ሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነገረኝ። አባቴም ደነገጡ።

መደንገጣቸው አይገርምም። እኛ አገር ፊስቱላ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ሆስፒታል ነው። የአባትሽ ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች ክንድ ላይ ከልብ ደም የሚያመጣውን ቧንቧ ወደ ልብ ከሚመልሰው ጋር ያገናኙታል። መላሹ ቧንቧ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ይጠነክራል፤ የእጥበቱ መርፌ የሚገባው እዚያ ነው። እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

በየቀኑ ጣታቸውን ቦታው ላይ አድርገው ይዳስሱት። እንደ ንብ ድምፅ የሚርገበገብ ነገር ይሰማቸዋል። ያ ከጠፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። በዚያ ክንድ ግፊት አይለኩ፣ ደም አይስጡ፣ ተንተርሰውትም አይተኙ።

ቻትቦቱን ደግሞ «ለኩላሊት እጥበት ክንድ ላይ ስለሚሠራ ፊስቱላ ንገረኝ» ብለሽ ጠይቂው። እንዲህ ሲጠየቅ ጥሩ ያስረዳል፤ አሥር ጊዜ ብትደጋግሚበትም አይሰለችም። እኔ በዚህ እወደዋለሁ። እንግሊዝኛ የሚችል ካለ መልሱን በእንግሊዝኛም ጠይቆ ያመሳክር።

ዱባይ ነው የምኖረው። የእናቴ ክሪአቲኒን አዲስ አበባ 1.8 ነው፤ የኔ እዚህ 75 ወጣ። ቻትቦቱ «በአስቸኳይ ሆስፒታል ሂጂ» አለኝ!

ተረጋጊ። ክሪአቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መለኪያ የተጻፉ አይደሉም። የእናትሽ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ያንቺ በማይክሮሞል በሊትር። 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ስለዚህ ያንቺ 75 ወደ 0.85 ይመጣል፤ ጤነኛ ቁጥር ነው። መታየት ያለበት የእናትሽ ነው፤ ባንቺ መለኪያ ወደ 159 ይሆናል። ቁጥር ስትጽፊ ከጎኑ ያለውን መለኪያ አትርሺ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜያቸውን እንጂ የትውልድ ዓመታቸውን አትስጪው። «1957 ተወለዱ» ብትዪው በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ 7 ወይም 8 ዓመት ሊጨምርባቸው ይችላል። የኩላሊት ማጣሪያ አቅም የሚሰላው ዕድሜ ገብቶበት ስለሆነ፣ 32 ገደማ የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ከ30 በታች ማለት ደግሞ የኩላሊት ሕመም ደረጃ 4፣ ማለትም ከባዱ ነው። እናትሽን በከንቱ ታስጨንቂያቸዋለሽ።

በሳምንት 3 ቀን እታጠባለሁ። ቻትቦቱ «ለኩላሊት ውኃ በብዛት ጠጣ፣ ሙዝና አቮካዶ ብላ» ይለኛል።

እባክህ ይህን አትስማ። ይህ ለጤነኛ ሰው የሚባል ምክር ነው። ሽንትህ ከቀነሰ የጠጣኸው ውኃ እስከሚቀጥለው እጥበት በቂ መውጫ የለውም፤ እግርህን ያሳብጣል፣ ሳንባህ ውስጥ ይገባል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲምና ድንች ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል። ድንች ካማረህ ቆራርጠህ በብዙ ውኃ ቀቅለው፣ ውኃውን ድፋው። «ሶዲየም የቀነሰ» የሚባለውን ጨው ተጠንቀቅ፤ ብዙውን ጊዜ የተተካው በፖታሲየም ነው። የሽፈራው (የሞሪንጋ) ቅጠልም ፖታሲየም ይበዛበታል።

ቻትቦቱን ስትጠይቅ መጀመሪያ «እጥበት ላይ ነኝ፣ ፖታሲየሜ ይህን ያህል ነው» በለው። እጥበት ያልጀመረ ሰው ግን ያንተን ምግብ አይከተል፤ ሙዝ መተው ያለበትና የሌለበት የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ቻትቦቱ የግፊት መድኃኒቴ ኢናላፕሪል ክሪአቲኒን ይጨምራል ብሎኛል። ላቁም?

አያቁሙ። ሲጀመር ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ መድኃኒቱ ውሎ አድሮ ኩላሊትን የሚጠብቅ ነው። ምን ያህል እንደጨመረ ሐኪምዎ በድጋሚ ምርመራ ይየው። ይልቅ ለወገብ ሕመም የሚወስዱት ዳይክሎፌናክ ካለ እሱን ይንገሩት፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።