ልጄ ወደ ጨሌው ተመለሰ፤ ንስሐዬ አልተሰማም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከእናቴ ለወረስሁት ጨሌ 20 ዓመት ስገብር ኖሬአለሁ። በየዓመቱ ዶሮ ሲታረድ ልጄ አጠገቤ ነበር። በኋላ ንስሐ ገባሁና ጨሌውን ከቤቴ አውጥቼ እኅቴ ዘንድ አስቀመጥሁት። ዛሬ ልጄ ከእርሷ ወስዶ ይገብርለታል። እግዚአብሔር ንስሐዬን አልተቀበለውም ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ተቀብሎታል። ጥያቄዎን ሳነብ ትዝ ያለኝ ንጉሥ ምናሴ ነው።

የደጉ የሕዝቅያስ ልጅ ነው፤ በ12 ዓመቱ ነግሦ ይሁዳን 55 ዓመት ገዛ። በቤተ መቅደስ ጣዖት አቆመ፣ መናፍስት ጠሪዎችን ሰበሰበ፣ ልጆቹን በሄኖም ሸለቆ በእሳት አሳለፈ። በመጨረሻ የአሦር የጦር አለቆች በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው ጸሎተ ምናሴ ውስጥ ኃጢአቱ ከባሕር አሸዋ እንደ በዛ፣ ከብረቱ የተነሣ ራሱን ቀና ማድረግ እንዳቃተው ይናገርና የልቡን ጉልበት ያንበረክካል። የልብ ጉልበት! እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ ሰንሰለት የማይከለክለው ስግደት ነውና። እግዚአብሔርም ሰማው፤ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መንግሥቱ መለሰው።

ልጁ አሞን ግን በ22 ዓመቱ ሲነግሥ አባቱ ላሠራቸው ምስሎች ሠዋ። እናቴ፣ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ሁለተኛ ዜና መዋዕል አሞንን የሚወቅሰው እንደ አባቱ ራሱን አላዋረደም ብሎ ነው። የልጁ በደል በተጻፈበት ቦታ የአባቱ ንስሐ ተመሰከረለት እንጂ አልተሰረዘም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ አላልፍም። ምናሴ ጣዖታቱን ከከተማው ውጭ ጣላቸው ይላል እንጂ አቃጠላቸው አይልም። አድቅቆ ትቢያ ያደረጋቸው የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ነው። ጨሌም አደራ አይሰጥም። እኅትዎ ዘንድ ማስቀመጥዎን ለንስሐ አባትዎ ነግረዋቸው ነበር? ካልነገሩ በዚህ ሳምንት ሄደው ይንገሯቸው።

ልጅዎን አይርገሙት፤ በግድም አይንጠቁት። ሲገብሩ አይቶዎታል፣ ንስሐ ገብተው ሲያለቅሱ ግን አላየዎትም። አስቀምጠው በግልጽ ያጫውቱት፤ ምን ፈርተው እንደ ገበሩ፣ ያ ፍርሃት እንዴት እንደ ለቀቀዎት። እሺ ካለ ንስሐ አባትዎ ባሉበት ጨሌውን ያቃጥሉት፣ ቤቱም ጠበል ይረጭ። እምቢ ካለ ጸሎትዎን አያቋርጡ፤ ለጨሌው ማስገበሪያ ግን ከእጅዎ አንዲት ሳንቲም አትውጣ።

ምናሴ ሲሞት ኢዮስያስ ገና የ6 ዓመት ሕፃን ነበር። የልጅ ልጅ ካለዎት እሑድ ጠዋት እጁን ይዘው ወደ ቅዳሴ ይውሰዱት።