ጣሪያው ተነሥቶ ሥራ ተቋራጩ ሲጠፋ፦ የቤት እድሳት ውል ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ ጎንደር አራዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ያረጀውን የጭቃ ቤታችንን ጣሪያ ለመቀየርና ከጓሮ ሁለት የብሎኬት ሰርቪስ ክፍሎች ለመጨመር ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር በቃል ተስማማን። ዋጋው ማቴሪያሉን ጨምሮ 420,000 ብር ነው። 260,000 ብር በባንክ አስገባሁለት። የድሮውን ቆርቆሮ አነሣ፣ መሠረቱን አወጣ፣ ግድግዳውን እስከ ወገብ አደረሰና «ሲሚንቶና ፌሮ ተወዷል፣ 95,000 ብር ጨምሪ» አለኝ። ይኸው 3 ሳምንት ስልክ አያነሣም። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ሰዎች «ሕጉ ተቀይሯል፣ ያልተጻፈና ያልተመዘገበ ውል አይቆጠርም» ይሉኛል። ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው? ሌላ ሰው ላስገባ?

መልስ፦ ገንዘብዎ አልቀለጠም። ሌላ ሰው ማስገባትም ይችላሉ፤ ዛሬ ግን አይሁን። ከዚያ በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ የእርስዎ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ስለ ውሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ላይ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ውል በማንኛውም አኳኋን ሊደረግ ይችላል ይላል። የሰሙት ወሬ ምንጩ ቁጥር 1723 ይመስለኛል። እሱ በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ የሚለው የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት ወይም በንብረቱ ላይ ያለን መብት ስለሚያቋቁም ወይም ስለሚያስተላልፍ ውል ነው፤ ቤት ሲሸጥ፣ ሲያዝ የሚባለው ዓይነት። የእርስዎ ተቋራጭ ግን ሊሠራ ነው የመጣው፣ ቤቱን ሊገዛ አይደለም። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚደረግ የሥራ ውል የሚደነግጉት ከቁጥር 3019 እስከ 3040 ያሉት ናቸው፣ የቃል ስምምነታችሁም ውል ነው። ችግሩ የማስረጃ ነው። ዋጋው 420,000 መሆኑን፣ ማቴሪያሉ በእሱ መሆኑን፣ የቆርቆሮው ውፍረት ስንት እንደተባለ ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ነው።

በቅርብ ዓመታት የተለወጠው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ መልእክት በኤሌክትሮኒክ ስለተላለፈ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈግም። ስለዚህ የቴሌግራም ጽሑፉን፣ የድምፅ መልእክቱን፣ የላከልዎትን የዋጋ ዝርዝር ፎቶ አያጥፉ። የስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያትሙት፣ ስልኩንም አይቀይሩት፣ አይሽጡት፤ ዳኛ ዋናውን ልይ ሊል ይችላል። የባንክ ማስተላለፊያውን ደረሰኝም ከቅርንጫፍ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ዋጋው ሲነገር አብረው የነበሩ ጎረቤቶች ካሉ ምስክር ይሆናሉ።

ስለ 95,000 ብሩ፦ ዕቃ ስለተወደደ ብቻ የመክፈል ግዴታ የለብዎትም። ቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል፣ ማቴሪያሉን በቁርጥ ዋጋ የተቀበለ ሰው የገበያውን ጣጣም ተቀብሏል። አንድ ነገር ግን ያስታውሱ፤ «እሺ፣ እንጨምራለን» ብለው በመልእክት ከመለሱለት ዋጋውን እንዳሻሻሉ አድርጎ ሊከራከርበት ይችላል። እስካሁን ካልመለሱ ዝም ይበሉ፤ የሚመልሱት ከዚህ በታች ባለው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ነገ ጠዋት ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ገዝተው የተከፈተውን ጣሪያና ያልተጠናቀቀውን ግድግዳ ይሸፍኑ፣ ሲሚንቶ ካለ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። በቁጥር 1802 መሠረት ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ በአቅሙ መከላከል አለበት። ዝናብ ገብቶ የጭቃው ግድግዳ ቢናድ «ሸራ ማልበስ ይችሉ ነበር» የሚለው መከራከሪያ ካሳዎን ይቀንሰዋል። የሸራውን ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ ወጪው ከካሳው ጋር ይጠየቃል።

ቀጥሎ ልኬት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ግንበኛ አንድ ድርድር ብሎኬት ከጨመረ በኋላ የመጀመሪያው ምን ሠርቶ እንደሄደ የሚለይ የለም። ተቋራጩን በጽሑፍ ለልኬት ይጥሩት፤ ባይመጣም ፈቃድ ያለው የግንባታ ባለሙያ ይዘው፣ ሁለት ጎረቤት አቁመው ይለኩ። የመሠረቱ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት፣ የግድግዳው ርዝመትና ቁመት ይጻፍ። 20 በ40 ሴንቲሜትር ፊት ያለው ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ገደማ ስለሚገባ ቆጠራው ከካሬው ጋር መግጠም አለበት። የፌሮው ቁጥር ባለ 8 ይሁን ባለ 12፣ ብረቱ በስንት ሴንቲሜትር እንደታሰረ፣ ቦታው ላይ የቀረው አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ የተነሣው አሮጌ ቆርቆሮም የት እንደገባ ይመዝገብ። ሜትሩ ተዘርግቶ እየታየ ፎቶ ይነሣ። ባለሙያው የሥራውን ዋጋ በስምምነታችሁ ዋጋ ልክ አስልቶ ይፈርም፣ ምስክሮቹም ይፈርሙ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ። በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በመሠረቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ «በሚያዝያ ወር በተስማማነው መሠረት በ420,000 ብር ልትሠራልኝ የተቀበልከውን ሥራ ከፊሉን ሠርተህ ካቆምክ 3 ሳምንት ሆኗል። የጠየቅከውን 95,000 ብር ጭማሪ አልተቀበልኩም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ሥራውን እንድትቀጥል፣ ካልቀጠልክ ውሉን የሰረዝኩ መሆኑን እንድታውቀው።» ቀነ ገደቡ እንደ ነገሩ ሁኔታ በቂ መሆን አለበት፤ ጣሪያ ለተከፈተበት ቤት በዝናብ ወር 10 ቀን በቂ ነው፣ 2 ቀን ቢሰጡ ግን ተቃውሞ ይገጥምዎታል። በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) ይላኩት፣ በቴሌግራምም ይድገሙት። 10 ቀኑ ካለፈ ቁጥር 1787 ውሉን በራስዎ የመሰረዝ መብት ይሰጥዎታል፣ መሰረዝዎንም በሌላ አጭር ደብዳቤ ያሳውቁ። ሌላ ሰው የሚገባው ያኔ ነው።

የሚጠየቀው ገንዘብ ስሌት ላይ ብዙ አቤቱታ ይበላሻል። የተሠራው ሥራ 170,000 ብር ቢገመት ያለ ሥራ የተከፈለው 90,000 ነው። አዲሱ ተቋራጭ ቀሪውን በ310,000 ቢጨርሰው በድምሩ የሚያወጡት 570,000 ይሆናል፤ ከ420,000 የበለጠው 150,000 ነው፣ ጉዳትዎም ያ ነው። 90,000ው በውስጡ አለ። 90,000 እና 150,000 ደምሮ 240,000 የሚጠይቅ አቤቱታ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ጠይቋልና ተቀናሽ ይደረግበታል፣ የዳኝነት ክፍያውም በከንቱ ከፍ ይላል።

በሽምግልና እንጨርስ ቢባል እሰየው፣ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይሻላል። እርቁ ግን በቡና ላይ ቃል ብቻ እንዳይቀር፦ መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን ተጽፎ ሁለታችሁም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት።

ደረሰኙ ላይ ወይም በመልእክት ላይ 260,000 ብሩ «ቀብድ» ተብሎ እንደሆነ ይዩ። ቀብድ ተራ ቅድሚያ ክፍያ አይደለም። በቁጥር 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ዛሬ ለእርስዎ የሚጠቅም ቃል ነው፣ ነገ ግን በእርስዎ ላይ ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ውል ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ።

የሚቀጥለው ውል በጽሑፍ ይሁን። ግንበኛው በራሱ ስም ነው ወይስ በድርጅት ስም የሚፈርመው? በድርጅት ከሆነ የታደሰ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የፈራሚውን ሥልጣን ይዩ፤ ፎርማኑ ብቻ ፈርሞ «ድርጅቱ አያውቅም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። «ጥራት ባለው ዕቃ» የሚል ሐረግ ለክርክር አይበቃም፦ ቆርቆሮው 28 ጌጅ ነው ወይስ 35? ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፣ የዋጋውም ልዩነት ትልቅ ነው። ሲሚንቶው፣ ብሎኬቱ ባለ 15 ወይም ባለ 20 መሆኑ፣ የፌሮው ቁጥር፣ ልስኑ በአንድ ወይም በሁለት ፊት መሆኑ ይጻፍ። ክፍያውን ከ20 በመቶ ባልበለጠ ቅድሚያ ጀምረው ቀሪውን በተጠናቀቀ ሥራ ይከፋፍሉት፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ቢሙ ላይ ሲደርስ፣ ጣሪያ ሲለብስ፣ ልስንና በር ሲገባ። 10 በመቶውን ከርክክብ በኋላ ቢያንስ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪታይ ያቆዩት። ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን የሚቆረጥ ገንዘብም ይወስኑ።

ዋስ ካመጣ «ዋሱ እኔ ነኝ» የሚል ቃል አይበቃም። ዋስትና በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር፣ ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው ገንዘብ በቁጥር ተጠቅሶ ካልሆነ በቁጥር 1725፣ 1727 እና 1922 መሠረት አይጸናም። ምስክሮቹ በስም ብቻ ሳይሆን በፊርማ ይኑሩበት።

ተቋራጩ «ዋስትና 6 ወር ብቻ» የሚል ሐረግ ቢያስገባ አይደናገጡ። በቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ ነው፣ መሬቱ ባመጣው ጉዳትም ጭምር፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። እንደ አዘዞ አካባቢ ዋልካ አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን በተለይ ይያዘው፤ ክረምት ያበጠ፣ በጋ የተሰነጠቀ መሬት ግድግዳ ሲሰነጥቅ «አፈሩ ነው» ማለት ተቋራጩን አያድነውም። በዓይን የሚታይ ጉድለት ግን በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ እያዩ ዝም ብለው የፈረሙበትን በኋላ ማንሣት ከባድ ነው።

ሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች ማስፋፊያ ስለሆኑ ከሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወዲህ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አስተዳደሩ ሥራውን ባስቆመ ቀን ሁለታችሁም እርስ በርስ ትካሰሳላችሁ። ቤትዎ ወደ ፋሲል ግቢ ወይም ወደ ሌላ ጥንታዊ ቅርስ የቀረበ ከሆነ በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ምክንያት ተጨማሪ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ አዲሱ ተቋራጭ አካፋ ከማንሣቱ በፊት ካርታዎን ይዘው የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍልና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።