መልስ፦ ከአንታልያ ተነሥቶ ጥንታዊ መንደሮችንና አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት
እህቴ፣ ቱርክ ውስጥ ባለችው አንታልያ ለሦስት ቀን ስለምትቆዪ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትና መንደሮች የት እንደሚገኙ ጠይቀሻል። ሦስቱንም ቀን ከተማው ውስጥ አትጨርሺ፤ የባሕሩን ዳርቻ ይዘሽ ወደ ምዕራብ ሂጂ።

መጀመሪያ ወደ ደምሬ ከተማ ሂጂ። ርቀቱ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከብ የቀየረባት ሙራ ይህች ናት። በትውፊት ከሠለስቱ ምዕት (በኒቅያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት አባቶች) አንዱ የሚባለው ቅዱስ ኒቆላዎስም የዚህችው ከተማ ጳጳስ ነበር። በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ወንዝ ባመጣው ደለል ተቀብሮ ስለኖረ፣ ዛሬም ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በባለ ቀለም ድንጋይ የተነጠፈውን ወለልና የደበዘዙትን የግድግዳ ሥዕሎች ሳትቸኩዪ ተመልከቺ። የተሰበረ የእብነ በረድ ሣጥንም ታያለሽ፤ የቅዱሱን ዐፅም ግን የጣልያኗ ከተማ የባሪ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1087 ወደ አገራቸው ወስደውታል። ቦታው አሁን ሙዚየም ነው፣ መግቢያ ያስከፍላል። የጎብኚ አውቶቡሶች ሳይደርሱ በማለዳ ግቢ፤ ከረፈደ ግፊያው ጸሎትም ፎቶግራፍም አያስደርስም። ገደል ላይ የተፈለፈሉት የሉቅያ (የአካባቢው ጥንታዊ ግዛት) መቃብሮች ቅርብ ናቸው።

ከዚያ ወደ ካሌኮይ መንደር ሂጂ። የመኪና መንገድ ስለሌላት በአቅራቢያዋ ካለችው ከኡቻዝ መንደር በጀልባ ወይም በእግር ነው የሚገባው። የጥንት መቃብሮች ባሕሩ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

ፈትዬ ከተማ አጠገብ ያለው ካያኮይ ራቅ ስለሚል እዚያው አካባቢ ማደር ይኖርብሻል። እ.ኤ.አ. በ1923ቱ የቱርክና የግሪክ የሕዝብ ልውውጥ ዘመን ግሪኮቹ ለቀውት የሄዱት መንደር ነው፤ ጣሪያ አልባ የድንጋይ ቤቶችና ሁለት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉት። ዳገቱ ጥላ ስለሌለው ውኃና ጠንካራ ጫማ ያዢ።