ጥያቄና መልስ፦ ለሕፃን ልጄ የዓሣ ዘይት ብሰጠው ጾም ያስገድፋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 8 ዓመቷ ነው። ትንሹ በቅርቡ 3 ዓመት ይሞላዋል። ትንሹ ምግብ እሺ አይለኝም። ጓደኛዬ ለልጆቿ የዓሣ ዘይት እንደምትሰጥ ስትነግረኝ እኔም ጀመርኩ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ማንኪያ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አማቴ ጠርሙሱን አዩና ተቆጡ። «በጾም የዓሣ ዘይት? ያውም ልጁን እያቆረብሽ? ጸበል እያለ ምን ዘይት አስፈለገ?» አሉኝ። ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ቀምሼ ነው የምሰጣቸው፤ እኔም ጾሜን የገደፍኩ መሰለኝ። ግራ ገብቶኛል። ከመስጠቴ በፊት የምጸልየው ጸሎት ካለም ይንገሩኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ነገር አንድ ላይ ስለተደራረበብሽ ነው የጨነቀሽ፤ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ትንሹ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልጆች መጾም የሚጀምሩት ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ነው። ልጅሽ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። ጾም የለበትም። ጾም የሌለበት ልጅ ደግሞ ጾም ሊገድፍ አይችልም። በዐቢይ ጾም ወተት ይጠጣል አይደል? ወተቱ ካላስገደፈው ዘይቱም አያስገድፈውም። ስለዚህ በጾሙ በኩል ልብሽ ይረፍ።

ትልቋ ግን ሌላ ናት። 8 ዓመቷ ከሆነ ጾም ጀምራለች ማለት ነው። የዓሣ ዘይት ከዓሣ የሚወጣ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኛ የተቀበልነው ሥርዓት ግን መከልከል ነው። እንግዲህ ልጅቷ ጤነኛ ከሆነችና ዘይቱ ለማጠንከሪያ ብቻ ከሆነ እስከ ፋሲካ አስቀምጪው። ጤነኛ ልጅ 55 ቀን የዓሣ ዘይት ባትወስድ የሚጎድልባት ነገር የለም። ሐኪም መርምሯት እንደ መድኃኒት ያዘዘላት ከሆነ ግን በራስሽ ፈቃድ አታቋርጪ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሪያቸው። የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን በጾም አታስጨንቅም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ብሎ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምርልሽ። ዓሣ ዘይት ውስጥ የሚፈለገው ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት ከሥሩ የዓሣ ሥራ አይደለም። በውኃ ውስጥ የሚበቅለው ጥቃቅን አልጌ ነው የሚያዘጋጀው፤ ዓሣው የሚያገኘው አልጌውን ከበሉ ትናንሽ ፍጥረታት ነው። ዛሬ ከአልጌው በቀጥታ የሚጨመቅ ዘይት አለ። ሐኪም ኦሜጋ 3 ያስፈልጋታል ካለ፣ በጾም ጊዜ ይሄ ይሆን እንደሆነ ጠይቂው።

አማትሽ ስለ ቁርባኑ ያነሱት ነገር ግን ትክክል ነው፤ ተቆርቁረው ነውና አትቀየሚያቸው። ልጁ ሥጋ ወደሙ በሚቀበልበት ቀን ጠዋት ዘይቱን አትስጪው። የሚቀድመው ቁርባኑ ነው። ዘይቱ የሚከለከለው የዓሣ ስለሆነ አይደለም፤ ማንኛውም የሚበላና የሚጠጣ ነገር ከቁርባን በፊት ስለማይቀመስ ነው። ሲመለስ ልትሰጪው ትችያለሽ፤ ያን ቀን ብትዘይውም ምንም አይሆንም። ሐኪም በሰዓት ያዘዘው መድኃኒት ካለ ግን ከካህኑ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

«ጸበል እያለ» የሚለውን ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። ጸበልና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ዛሬ ማታ አንብቢ። ባለ መድኃኒቱን አክብረው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ከዚያ መጽሐፈ ጦቢትን ጨምሪ። ጦብያ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲይዝ፣ ልቡን፣ ጉበቱንና ሐሞቱን እንዲያስቀምጥ የነገረው ቅዱስ ሩፋኤል ነው። በዚያ ሐሞት የአባቱ የጦቢት ዓይን በራ። መልአኩ ዝም ብሎ በቃሉ ማዳን አቅቶት ነው? አይደለም። እግዚአብሔር በፍጥረቱ አማካይነትም ይፈውሳል። ግን ይህ ታሪክ ለዛሬው የዓሣ ዘይት ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲህ እያሉ ዘይት የሚሸጡ ካሉ አትስሚያቸው። እኔ ከታሪኩ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ጦብያ ዓሣውን በራሱ ግምት አልተጠቀመበትም። የቱን ክፍል፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ ከሚያውቀው ጠይቆ ነው።

አንቺን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። «አንድ ማንኪያ» ብለሻል። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ነው የሾርባ? ጠርሙሱስ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

የዓሣ ዘይት የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዓሣው ሥጋ የሚወጣ ነው። በውስጡ በብዛት ያለው ኦሜጋ 3 ነው፤ ቫይታሚኑ ትንሽ ነው። ሌላው ከጉበት የሚወጣ ነው፤ በተለይ ኮድ ከሚባለው ዓሣ ጉበት። ይሄኛው ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ዲ በብዛት አለው። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ የዓሣ ሥዕል ስላለ ሰው ይምታታበታል። ካልተቀነሰለት አንድ የሻይ ማንኪያ የኮድ ጉበት ዘይት ወደ 1350 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ሊይዝ ይችላል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን መታለፍ የሌለበት መጠን 600 ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት 900 ነው። አየሽ? ትንሹን ይቅርና ትልቋንም ያልፋታል። በሾርባ ማንኪያ ሲሆን ሦስት እጥፍ ነው።

ቫይታሚን ኤ ሲበዛ በሽንት አይወጣም። ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ቀስ በቀስ ልጁን ያስታውከዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ አጥንቱን ያመዋል። እናት ደግሞ «ልጄ ደከመ» ብላ ማንኪያውን ትጨምራለች። ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ነገር የለም፤ በፍቅር የተሰጠ ነገር ልጁን ሲጎዳው።

ሌላም አለ። የቫይታሚን ኤ እጥረት ባለበት አገር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንዴ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ጤና ባለሙያዎች ካፕሱሉን ቆርጠው አፍ ውስጥ የሚያንጠባጥቡት እሱ ነው። ልጅሽ ያንን ወስዶ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የጉበት ዘይት እየጠጣ ከሆነ፣ ለጤና ባለሙያው ተናገሪ። አትደብቂ።

አሰጣጡ ደግሞ። አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኜ የሄድኩበት ቤት እናትየዋ ልጇን ጭኗ ላይ አንጋለለችው። በአንድ እጇ አፍንጫውን ያዘች። ልጁ ለማልቀስ አፉን ሲከፍት ዘይቱን አፈሰሰችበት። ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ ሳለ፣ ዘይቱ በአገጩ ላይ ወረደ። እሷ ክፋት አልነበራትም፤ «ካልተገደደ አይውጥም» ነው ያለችኝ። እኔ ግን ልቤ ቀጥ አለ። ዘይት እንደ ውኃ አይደለም። ወደ ሳንባ ሲገባ ሁልጊዜ ሳል አያስነሳም፤ ድምፁን አጥፍቶ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በግድ ዘይት የተጋቱ ሕፃናትን ያክማሉ። ስለዚህ ልጁ ሲያለቅስ፣ ተኝቶ ወይም ተንጋልሎ፣ አፍንጫው ተይዞ በፍጹም አይሰጠው። ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ወዶ ከዋጠው ይዋጥ። እምቢ ካለ ይቅር። ካፕሱሉንም ሙሉውን ለ3 ዓመት ልጅ አትስጪ፤ ያንቀዋል። ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ የሚያሳክከው ወይም የሚያብጥ ልጅ ደግሞ ሐኪም ሳያየው አይነካውም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ሌላ ነገር የሚጨመረው ባለሙያ ሲያዝ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ያስፈልገዋል? እውነቱን ልንገርሽ። የጉበት ዘይት ስሙ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜላንቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ፣ የሕፃናትን አጥንት የሚያለሰልሰውንና እግር የሚያጎብጠውን ሪኬትስ የጉበት ዘይት እንደሚከላከል በቡችሎች ላይ አሳየ። በኋላ ነው ሥራውን የሚሠራው ቫይታሚን ዲ እንደሆነ የታወቀው። ያ ትልቅ በረከት ነበር። ዛሬ ግን ቫይታሚን ዲ ብቻውን በጠብታ ይገኛል፤ መጠኑም የታወቀ ነው።

«አእምሮን ስል ያደርጋል» የሚባለው ደግሞ ገና አልጸናም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል በንባብ በጣም ወደ ኋላ የቀሩት ኦሜጋ 3 ሲሰጣቸው ትንሽ ተሻሽለው ነበር። ጥናቱ ተደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም ግን ያ ለውጥ አልታየም። ልጅሽ ስላልወሰደ ከእኩዮቹ ያንሳል ብለሽ አትሥጊ። የምግብ ፍላጎት መክፈቻም አይደለም። ልጁ የማይበላ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። ክብደቱና ቁመቱ ይለካ፤ ደሙ ይታይ። መልሱ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቢ ሁለት ነገር ለእምነትሽ ብለሽ እዪ። ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ንጹሕ ነው (ዘሌዋውያን 11፥9)። ኮድ፣ ሳልሞን፣ ሰርዲን እዚህ ውስጥ ናቸው። ክሪል የሚባለው ግን ዓሣ አይደለም፤ ከሽሪምፕ ዘመድ ነው። የሻርክ ጉበት ዘይትም አለ፤ ሻርክ እንደሌሎቹ ዓሦች ቅርፊት የለውም። ሌላው የካፕሱሉ ልባስ ነው። ብዙ ጊዜ ከጄላቲን ይሠራል። ጄላቲን ከከብት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ካልተጻፈ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ሳታውቂ የሰጠሽው ካለ ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ዕረፊ፤ በዚህ ሌሊት እንቅልፍ አይጣ።

ቀምሰሽ የመስጠትሽም ነገር እንዲሁ ነው። ጾም ለመናቅ እንዳላደረግሽው ግልጽ ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከእንግዲህ ግን አትቅመሺ። አሽትቺው። የተበላሸ የዓሣ ዘይት የቆየ ቀለም የመሰለ ጠረን አለው፤ ይጎመዝዛል። እንዲያ ከሸተተ ድፊው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ በፍሪጅ አስቀምጪው፤ የተከፈተበትንም ቀን ላዩ ላይ ጻፊበት።

እንግዲህ ነገ የምታደርጊው ይህ ነው። ማንኪያውን ለጊዜው አቁሚ። ጠርሙሱን ይዘሽ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ዘንድ ሂጂ። የልጆቹን ዕድሜ ንገሪያቸው፤ ምን ምን እንደሚወስዱም አትርሺ። ስጪ ካሉሽ በሚሊ ሊትር ይንገሩሽ፤ በማንኪያ አትገምቺ። አትስጪ ካሉሽም በልጅሽ ላይ የጎደለበት ነገር የለም። ጌታ «ዓሣስ ቢለምነው እባብን ይሰጠዋልን?» ብሎ የጠየቀው ስለ ወላጅ ልብ ነው (ማቴዎስ 7፥10)። ያንቺ ልብ ዓሣ መስጠት ነው የፈለገው። ሆኖም ዓሣውም ቢሆን በልኩ ነው።

ስለ ጸሎቱ፤ ለዚህ ተብሎ የተለየ ጸሎት አትፈልጊ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብለሽ አማትቢበት። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት። ትንሹንም ጣቶቹን ይዘሽ አማትቢው፤ በዚህ ዕድሜው ቶሎ ይለምደዋል። ከተቻለ ደግሞ ጸሎቱን አማትሽ ይምሩት። ልጁ ከሴት አያቱ አፍ ሰምቶ ቃሉን ይያዝ። እሳቸውም ጠርሙሱ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደታዘዘ ካንቺው ይስሙ።