ድርቆሽ ሲበላ የሚያስለው አሮጌ ፈረስ

ጥያቄ፦ ፈረሴ 19 ዓመቱ ነው። ድርቆሽ ሲበላ ያስለዋል፤ ቆሞም ሆዱን እየገፋ ይተነፍሳል። ትኩሳት የለውም፤ ይበላል። እርጅና ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። የገለጹት ሁሉ የፈረስ አስም ይመስላል። ከድርቆሽና ከጭድ የሚነሳው አቧራና ሻጋታ የአየር ቧንቧውን ያስቆጣል፤ ቧንቧው ይጠብና በአክታ ይሞላል። አየር ማስወጣት ስለሚከብደው በሆዱ ጡንቻ ይገፋል፤ ሲቆይ ከጎድን አጥንቱ በታች የጡንቻ መስመር ጎልቶ ይታያል።

ባረፈበት ሰዓት የጎኑን እንቅስቃሴ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ጤናማ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ቁጥሩን በየቀኑ ይመዝግቡ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ዋናው ሕክምና ንጹህ አየር ነው። ከተቻለ ቀንም ሌሊትም ውጭ ይዋል፣ ይደር። ድርቆሹን ለ30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይንከሩትና እርጥብ ሳለ ይስጡት፤ ላዩን መርጨት አይበቃም፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። የተረፈውን ይጣሉ፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። የሻገተ ድርቆሽ ግን ነክረውም አይስጡት። የጭድ ጉዝጓዝ ይቅር፤ የጎረቤት ጋጣ ጭድም ቢሆን ይጎዳዋል። ጋጣው ሲጠረግ ፈረሱ ይውጣ።

ሐኪም ዴክሳሜታሶን የተባለ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ቧንቧውን ያስታግሳል፤ አቧራው ካልተወገደ ግን ሳሉ ይመለሳል። በአሮጌ ፈረስ ላይ የኮቴ ብግነት ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም አይስጡ።

ሙቀቱ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ፣ መብላት ካቆመ ወይም አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ።